ሬቫ ሆከት ካርድ አወጣች

ሬቫ ሆከት እስከ ሃያ ስድስት ዓመቷ ድረስ ከሰው አምስት ሳንቲም ተበድራ አታውቅም፤ ይህንንም ስትናገር አገጯ ትንሽ ቀና ይላል። የምትሠራው ክሌይ ፎርክ ከተማ ባለው የምግብ መደብር፣ ሥጋ ክፍል ነው። የአሳማ ጎን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ከማቀዝቀዣው ስትወጣ ወንዶቹ መንገድ ይለቁላታል። መኪናዋን የገዛችው በጥሬ ገንዘብ ነው። የመንጋጋ ጥርሷን ያስነቀለችውም በጥሬ ገንዘብ ነው፤ አፏን ጥጥ እንደሞላች ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ መልሷን ተቀብላ ወጣች።

እንዲህ አድርጎ ያሳደጋት አባቷ ቨርሊን ነው። ቨርሊን ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ወለል ሥር ገብቶ ቧንቧ ሲጠግን ይውልና እሑድ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ሰዎችን ከዕዳ እንዴት እንደሚወጡ ያስተምራል። ትምህርቱ በየዓመቱ መስከረም ላይ ያልቃል። የመጨረሻው እሑድ ደግሞ የመቁረጫ እሑድ ነው። ተማሪዎቹ ክሬዲት ካርዶቻቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ይወጣሉ፤ ቨርሊን በዚያ ቆርቆሮ በሚቆርጥበት መቀስ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርግና ቁርጥራጩን ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ይጥላል፤ ጉባኤው "አሜን" ይላል። በዚያ አገር ከመጠጥ ለተመለሰ ሰው እንደሚጨበጨብ ሁሉ ከካርድ ለተመለሰም ይጨበጨባል።

ሰውዬው ካርድ የጠላው በስብከት አይደለም። ሬቫ ልጅ ሳለች እናቷ ኔልዳ ታመመች፤ ኢንሹራንሱ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሏቸው ሄደ። ቨርሊን ሐኪም ቤቱን በካርድ ከፈለ። ያ ሲሞላ በሌላ ካርድ ያኛውን ከፈለ። ካርዶቹ አሥራ አንድ ሲደርሱ ኔልዳ ሞተች፤ ቤቱም ሄደ፤ ቨርሊን ፍርድ ቤት ቆሞ "መክፈል አልችልም፣ ከስሬአለሁ" አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ቨርሊን ግን መበርየት ብቻ አልበቃውም፣ ልጥ የሚሸጥበትን ሱቅ ሁሉ ካላስዘጋሁ ብሎ ተነሣ።

አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት የወይዘሮ ኢሞጂን ስትራውድ ቤት ውስጥ ተከራይተው ነው። ቤቱ በረንዳው ትንሽ ቢያዘነብልም ጣሪያው ደህና ነው፤ ቧንቧውማ ቨርሊን እያለ ማን ይደፍረዋል። ሬቫ ሃያ ስድስት በሞላት ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ ወይዘሮ ኢሞጂን ዱላቸውን ተመርኩዘው መጡና በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ ኖክስቪል ከተማ ወስዶ ሊጦረኝ ነው" አሉ። "አልፈልግም ብዬ ነበር፤ ጉልበቴ ግን እሺ ብሏል። ቤቱን እሸጠዋለሁ። አንድ ከከተማ የመጣ ሰው በጥሬ ገንዘብ ሊገዛኝ ቀርቧል። አፍርሶ ለሽርሽር የሚመጡ ሰዎች የሚያድሩበት ጎጆ ሊሠራበት ነው።"

"ሊያፈርሰው?" አለች ሬቫ።

"አዎ፣ ሊያፈርሰው። ለእናንተ ቅድሚያ እሰጣለሁ። እስከ ኅዳሩ የምስጋና በዓል እጠብቃችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጄ አያስጠብቀኝም። እሱ እንደ አባቱ ነው፣ ችኩል።"

 ያን ቀን ማታ ቨርሊን ቦሎቄውንና የበቆሎ ዳቦውን ሳይጨርስ ተነሥቶ፣ አንድም ቀን ጠብ ብሎ የማያውቀውን የኩሽና ቧንቧ ፈትቶ ገጠመው። ሬቫ ይህንን ስታይ ወሰነች። ቤቱ አይሄድም። አባቷ አንዴ ቤት ተነጥቋል፤ ሁለተኛ ሲነጠቅ ቆማ አታይም።

በነጋታው ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ባንክ ሄደች። ብድር የሚሰጡት ወይዘሮ ፔቲግሩ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ ከነአያቱ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ስሟን ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፉና ረጅም ጊዜ አዩት።

"ምንም የለሽም" አሉ።

"ዕዳ የለብኝም፤ እውነትዎን ነው።"

"ችግሩም እሱ ነው።"

"ዕዳ አለመኖሩ ነው ችግሩ?"

"የኔ ቆንጆ፣ ተበድረሽ ብትከፍዪ ጥሩ ከፋይ እልሽ ነበር። ተበድረሽ ብትክጂም ቢያንስ ማን እንደሆንሽ አውቅ ነበር። አንቺ ግን ክፉም ደግም የለሽ። የብድር ታሪክ የሌለው ሰው እዚህ ገና አልተወለደም።"

"ሥጋ ቤት የሚያገኟት ታዲያ ማን ናት?"

ወይዘሮ ፔቲግሩ ሳቁ። "እኔማ አውቅሻለሁ። ይሄ ማሽን ነው የማያውቅሽ። ስሚኝ፤ እኛ ትንሽ ባንክ ነን፣ የሰጠነውን ብድር ለሌላ ሳንሸጥ ራሳችን ነን የምንይዘው። ደመወዝሽን አይቻለሁ፣ የኪራይ ደረሰኞችሽንም እቀበላለሁ። ግን ማሽኑ የሚሰጠው የብድር ነጥብ ከሌለሽ አለቃዬ አይፈርምም። አባትሽስ? አብሮሽ ቢያመለክት የሱንም ስም ላየው እችላለሁ።"

"አባዬ ስሙ እንዲታይ አይፈልግም" አለች ሬቫ። ይህን ሳትጠይቀው ታውቀዋለች። ስልኩ ላይ የማያውቀው ቁጥር ሲደውል እስከ ዛሬ አያነሣም።

"እንግዲያው ካርድ አውጪ" አሉ ወይዘሮ ፔቲግሩ። "ሦስት መቶ ዶላር ታስይዢና ሦስት መቶ ዶላር የሚያበድር ካርድ እንሰጥሻለን።"

"የራሴን ሦስት መቶ ዶላር ሰጥቼ የራሴን ሦስት መቶ ዶላር ልበደር?"

"አዎ።"

"ይሄ ብድር ነው ወይስ ቀልድ?"

"ቀልድ ከሆነ ስድስት ወር ሳቂበት፤ ከዚያ ነጥብ ይኖርሻል። ቤንዚን ብቻ ግዢበት። ካለው ላይ ከሦስት አንድ እጁን እንዳታልፊ። ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን ክፈዪ፤ አንድ ቀን እንዳያልፍሽ።"

ሬቫ ገንዘቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ቆጠረችላቸው። በጥሬ ገንዘብ ነው፤ በምን ሊሆን ኖሯል።

ካርዱ በፖስታ ሲመጣ ሰማያዊ ነበር። ስሟ በፊቱ ላይ ጎላ ብሎ ተጽፏል። ማንም ሳያያት በጣቷ ዳሰሰችው፤ የተሰማት ደግሞ ኀፍረት ሳይሆን ኩራት ነበር፤ እሷም ገረማት። ለአባቷ ግን አልነገረችውም። መዋሸቷ አልነበረም፤ ካልጠየቀኝ አልነግረውም፣ ከጠየቀኝ አልዋሸውም ብላ ከራሷ ጋር ተስማማች። በየሳምንቱ ቤንዚን ትቀዳለች፤ ሂሳቡ በመጣ ቀን ትከፍላለች። የሥጋ ክፍል ጓደኛዋ ቶድ እንኳ አንድ ቀን "ምን ሆነሻል? የምታፏጪው እኮ ሰው አስቀየመ" አላት። "ነጥብ እየገባልኝ ነው" አለችው። ቶድ ኳስ መስሎት ቢላዋውን መሳል ቀጠለ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ሬቫ ነዳጅ ማደያው ጋ ካርዷን ማሽኑ ውስጥ ስትከት፣ ከጎኗ ካለው ማሽን እህት ኦፓል ብቅ አለች። እህት ኦፓል የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ናት። ወሬ ስትሰማ ለጸሎት ብላ ትይዘዋለች፤ ከዚያ አብረዋት እንዲጸልዩ ለሁሉም ትናገራለች።

"ሬቫዬ፣ ያ የምን ካርድ ነው?"

"የቤንዚን።"

"ክሬዲት ነው እንዴ?"

"ክሬዲት ነው፣ እህት ኦፓል። እንዳይደክምሽ እኔው ልንገርልሽ?"

"ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ" አለች እህት ኦፓል። ሬቫ ቤት ስትደርስ ግን ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ቨርሊን ጠረጴዛው ጋ ኮፍያውን ሳያወልቅ ተቀምጧል።

"እውነት ነው?" አለ።

"እውነት ነው። ስድስት ወር ሊሞላው ነው። አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። አባዬ፣ ቤቱን ለመግዛት ነው። ካርድ ከሌለኝ አያበድሩኝም።"

"እኔም እናትሽን ለማዳን ነበር።"

 ሬቫ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። "አንተ የተበደርከው የሌለህን ነው። እኔ የምበደረው ያለኝን ነው። ሦስት መቶ ዶላሬ ባንክ ተቀምጧል።"

"እንደሱ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ የራስሽን ያበድሩሻል፤ ጥሩ ልጅ ነሽ ይሉሻል፤ ከዚያ የነሱን ያሸክሙሻል። እኔ እነሱን አውቃቸዋለሁ፣ ልጄ።"

"እነሱን ታውቃቸዋለህ፤ እኔንስ?"

ቨርሊን ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገው። "እሑድ የመቁረጫ ቀን ነው" አለ። "ሕዝቡ ሁሉ ሰምቷል። ይዘሽው ነይ።"

"እመጣለሁ" አለች ሬቫ። "አልደበቅም።"

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ሬቫ አሥረኛ ሆና መጨረሻ ላይ ቆመች። ከፊቷ የቆመው ወንድም ዊንደል ነው፤ አገር የሚያውቀው የጀልባና የዓሣ ማጥመጃ ሱሰኛ። ሦስተኛ ሞተሩን በካርድ ያስቀየረለት ጀልባ አለው፤ ሚስቱ ትታው ልትሄድ አንድ ሐሙስ ነው የቀራት። ካርዶቹን እንደ ካርታ ጨብጧቸዋል። ቨርሊን አንድ በአንድ ቆረጠለት፤ ሚስቱ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና አለቀሰች፤ ጉባኤው "አሜን" አለ። ዊንደል ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ዞር ብሎ ቆሞ የአስተማሪው ልጅ ምን እንደምትሆን ጠበቀ። ሌሎቹም ጠበቁ።

ሬቫ ሰማያዊውን ካርድ አወጣች። ድምጿ መጨረሻ ወንበር ድረስ የሚሰማ ነው፤ የሥጋ መቁረጫ ማሽን አስለምዷታል።

"በዚህ ካርድ አንድም ሳንቲም ዕዳ የለብኝም። ከአንድ ወር በኋላ አባቴ የሚተኛበትን ቤት ይገዛልኛል። እኔ አልቆርጠውም። አባዬ መቆረጥ አለበት ካለ ግን እሱ ይቁረጠው፤ እጁን አልይዘውም።"

ካርዱን ዘረጋችለት። አይቆርጠውም ብላ እርግጠኛ ነበረች። ቨርሊን ካርዱን ተቀበላት፤ ዊንደልን አየ፤ የዊንደልን ሚስት አየ፤ ከዚያ ቀጭ አደረገው። ስሟ ለሁለት ተከፈለና ማሰሮው ውስጥ ገባ። "አሜን" የሚለው ድምፅ ከሁሉም ጊዜ በላይ ነጎደ። ሬቫ በመሐከለኛው መተላለፊያ አልፋ በሩን ከፍታ ወጣች። ዓይኖቿ ቢያቃጥሏትም አላለቀሰችም፤ በንዴት ነው የተቃጠሉት።

መኪና ማቆሚያው ላይ አባቷ እየሮጠ ደረሰባት። ቨርሊን ሲሮጥ ካየችው ስንት ዓመት እንደሆናት እንጃ።

"አታናግረኝ" አለችው።

"አላናግርሽም፤ ስሚኝ ብቻ። ባንክ እንዳትደውዪ።"

"ምን?"

"ሂሳቡን ዝጉልኝ ብለሽ እንዳትደውዪ። መቀስ የሚቆርጠው ፕላስቲኩን ነው። ሂሳቡ እንዳለ ነው፤ አይሞትም። ካርዴ ተበላሸ ብለሽ ሌላ ጠይቂያቸው፤ በሳምንት ይልኩልሻል፤ ቁጥሩም ዕድሜውም ያው ነው።"

ሬቫ አፏን ከፍታ አየችው። "ታዲያ እዚያ ሰው ፊት ያዋረድከኝ ለምንድን ነው?"

"ዊንደልን አላየሽውም? የአስተማሪው ልጅ ካርድ ከተረፈ፣ የሱም ሊተርፍ ነው። ማታውኑ ደውሎ አዲስ ያወጣ ነበር። እሱ ዛሬ ቤቱን ነው ያተረፈው።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "አንቺ ደግሞ ያንቺን ታተርፊያለሽ። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ዕዳ ውስጥ እንደማትገቢ አውቃለሁ። በሩን ዘግተን ብናወራ ይሻል ነበር፤ ግን አንቺ ሕዝብ ፊት አቀበልሽኝ።"

"ይቅርታ ጠይቀኝ።"

"ይቅርታ።"

"ጮክ ብለህ።"

"ይቅርታ አልኩሽ፤ አሁን ኦፓል ሳትሰማን ግቢ መኪናው ውስጥ" አለ ቨርሊን፤ ሬቫም ሳትወድ ሳቀች።

አዲሱ ካርድ መጣ። ጥቅምት ሲጋመስ ወይዘሮ ፔቲግሩ ደወሉላት። "ተወልደሻል" አሏት። ነጥቡ እንደ ጀማሪ ጥሩ ነበር፤ አለቃቸውም ፈረሙ። ወይዘሮ ኢሞጂን ከከተማ ለመጣው ሰውዬ ቤቱ መሸጡን ሲነግሩት፣ ጎጆህን ሌላ ቦታ ሥራ፣ ተራራ ሞልቷል አሉት።

የመፈረሚያው ቀን ከምስጋና በዓል በፊት ባለው ሳምንት ሆነ። ቨርሊን የእሑድ ሸሚዙን ለብሶ አብሯት ሄደ፤ ለመመስከር ነው እንጂ ለመፈረም አልነበረም። ወይዘሮ ፔቲግሩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያሳዩ ሬቫ ስትፈርም ቆየች። በመጨረሻ የቤቱን ሰነድ ወደ ቨርሊን ገፋ አደረጉለት።

"እዚህ ላይ ደግሞ የእርስዎ ነው፣ አቶ ሆከት።"

ቨርሊን አነበበው። የሱ ስም ከልጁ ስም ጎን ተጽፏል።

"ብድሩ የኔ ብቻ ነው" አለች ሬቫ ፈጠን ብላ። "ቤቱ ግን የሁለታችን ይሁን ብያለሁ። ሳልጠይቅህ ነው ያስጻፍኩት። ብጠይቅህ እምቢ ትል ነበር።"

"እምቢ ነው የምለው" አለ ቨርሊን፤ ፊቱ ነጥቷል። "ስሜን ያጥፉት። የኔ ስም ካለበት ይመጡባታል። አሥራ አንድ ካርድ፣ ሐኪም ቤት፣ መድኃኒት። ቤቱን ካገኙት ይወስዱታል። አንዴ ወስደዋል።"

"ማን ነው የሚመጣው?" አሉ ወይዘሮ ፔቲግሩ።

"እነሱ ናቸዋ።"

"ልየው?"

ቨርሊን ልጁን አየ። እሷ በዚያ መድረክ ላይ ካርዷን ስትዘረጋ እንዳየችው ነው ያያት። "ይዩት" አለ። "ይዩትና ትስማ። አባቷ በከንቱ የሚፈራ እንዳይመስላት።"

ወይዘሮ ፔቲግሩ አስፈቅደው ስሙን ጻፉ። ጠበቁ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጉ።

"አቶ ሆከት፣ ምንም የለም።"

"ምንም የለም ማለት? በደንብ ይዩት።"

"አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ኪሳራ አሥር ዓመት ሲሞላው ከመዝገቡ ይወጣል። የእርስዎ ከወጣ ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው። ዕዳውንማ ያኔውኑ ፍርድ ቤቱ ሰርዞታል። የሚፈልግዎት ሰው የለም።"

ሬቫ ልትስቅ፣ ልታቅፈውም ቃጣት። ደስታ ነዋ፤ ከዚህ በላይ ምን የምሥራች አለ። ነገር ግን የአባቷን ፊት ስታይ ተወችው።

"ሐኪም ቤቱስ?" አለ ቨርሊን።

"የለም።"

"የጨረር ሕክምናውስ? እሱ ትልቁ ነበር። በሁለት ካርድ ከፍዬ ነው።"

"ምንም የለም፣ አቶ ሆከት። ባዶ ነው።"

ቨርሊን ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። የቧንቧ ሠራተኛ እጅ ነው፤ ከጠባሳ በቀር ባዶ። "ያን ዕዳ ስጠላው ኖርኩ" አለ ቀስ ብሎ። "ሌት ተቀን ጠላሁት። ግን ያለ መስሎኝ ነበር። እሷን ለማትረፍ ምን ያህል እንደለፋሁ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።"

ወይዘሮ ፔቲግሩ መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ሬቫ ወንበሯን አስጠግታ አንዱን እጁን ያዘችው።

"እኔ አውቃለሁ" አለችው። "ልጅ ብሆንም ደረጃው ላይ ተቀምጬ አይህ ነበር። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ የትኛው ላይ ገንዘብ እንደቀረ እየደወልክ ስትጠይቅ። ሰዎቹን ስትለምናቸው። አንዲት ቀን እንኳ በቃኝ አላልክም። እኔ ስላየሁህ ነው አንድ ቀን ያላሳለፍኩት፣ አባዬ።"

 ቨርሊን ዓይኑን በእሑድ ሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፤ እስክሪብቶውን አነሣና የት ላይ እንደሚፈርም ወይዘሮ ፔቲግሩን ጠየቃቸው።